ሁለት ሪፖርት ስለ አንድ ልብ፦ የልብ ደም ቧንቧ ሲቲ ስካን ግምገማ

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት የምርመራ ውጤቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም የተጻፉት ስለ እኔ ልብ ነው፤ በመካከላቸው ያለፈውም ጊዜ 11 ሳምንት ብቻ ነው። የመጀመሪያው በአንድ መስመር ያበቃል፦ «በልብ ደም ቧንቧዎች ላይ ጉልህ ጥበት አልታየም።» ሁለተኛው አንድ ገጽ ከግማሽ ሲሆን፣ እያንዳንዱን ቧንቧ በስሙ እየጠራ የትኛው ክፍል በግልጽ እንደታየ፣ በግድግዳው ውስጥ የተከማቸ ነገር እንዳለና እንደሌለ፣ ካለም ምን ዓይነት እንደሆነና ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ይናገራል። በእነዚህ 11 ሳምንታት ውስጥ ልቤ እምብዛም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ምርመራው የተሠራበት ጥንቃቄ ነው። በልብ ደም ቧንቧ ሲቲ ስካን እጅግ አምናለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት ስም ያለው አገልግሎት በሁለት ቦታ ይህን ያህል ሲለያይ ካየሁ በኋላ፣ ይህን ምርመራ የታዘዘለት ሰው ምን እንደሚገዛና ምን መጠየቅ እንዳለበት በዝርዝር መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ምርመራው የታዘዘልኝ በቂ ምክንያት ስለነበረ ነው። ዕድሜዬ 54 ነው፤ አባቴን የልብ ሕመም የጀመራቸው ገና በ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳሉ ነበር። ከአንድ ዓመት ወዲህ ደረጃ ስወጣ ወይም ዳገት ላይ ፈጠን ስል ደረቴን መሀሉ ላይ የሚጨምቀኝ፣ ቆም ስል ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚለቀኝ ስሜት ይመላለስብኝ ጀመር። ጋደም ብዬ የተነሣሁት ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ምርመራ) ምንም እንከን አላሳየም። ሐኪሜ ግን በዚህ ብቻ እንዳልጽናና ነገሩኝ፤ በዕረፍት ጊዜ ለልብ ጡንቻ የሚበቃ ደም የሚያሳልፍ ቧንቧ፣ የልብ ሥራ ሲበረታ ላያዳርስ ይችላልና። ሌሎቹ አማራጮች በትሬድሚል ላይ እየሄዱ የሚደረገው የኢሲጂ ምርመራ፣ ልብን በመድኃኒት ወይም በእንቅስቃሴ አስጨንቆ የሚታይ የአልትራሳውንድ ምርመራ፣ አለዚያም በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ቧንቧዎቹን ከውስጥ የሚያሳየው የካቴተር አንጂዮግራፊ ነበሩ።

ብዙ ሰው «የልብ ሲቲ ስካን» ሲባል አንድ ምርመራ ይመስለዋል፤ ሁለት ናቸው፤ የሚመልሱትም ጥያቄ የተለያየ ነው። አንደኛው ካልሲየም ስኮር ይባላል። መርፌ የለውም፣ የሚወጋም መድኃኒት የለውም፤ አንድ ጊዜ ትንፋሽ ይዞ መጨረስ ይቻላል። ይህ ምርመራ በቧንቧዎቹ ግድግዳ ውስጥ የጠጠረውን ካልሲየም ብቻ ይቆጥራል። አቆጣጠሩን እ.ኤ.አ. በ1990 አርተር አጋትስተንና ባልደረቦቹ አሳተሙት፤ እስከ ዛሬም በእርሱ ስም ይጠራል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በምስሉ ላይ ከ130 ሃውንስፊልድ (የምስሉ የድምቀት መለኪያ ነው) በላይ የሚያበራ ነጥብ ሲገኝ ስፋቱ በካሬ ሚሊሜትር ይለካና፣ እንደ ድምቀቱ ከ1 እስከ 4 በሆነ ቁጥር ይባዛል። ለምሳሌ 4 ካሬ ሚሊሜትር የሆነና ድምቀቱ 250 የደረሰ ነጥብ በ2 ተባዝቶ 8 ይሰጣል፤ የነጥቦቹ ሁሉ ድምር የሰውዬው ስኮር ነው። 0 ጥሩ ዜና ነው፤ ከ400 በላይ ደግሞ የተከማቸው ብዙ መሆኑን ያመለክታል።

ሁለተኛው፣ ለእኔ የታዘዘው፣ ሲቲ አንጂዮግራፊ ነው። አዮዲን ያለበት ኮንትራስት፣ ማለትም ደሙን በምስሉ ላይ የሚያደምቅ ፈሳሽ፣ በክንድ ደም ሥር በኩል ተሰጥቶ፣ ደሙ በልብ ቧንቧዎች ውስጥ ሲያልፍ ፎቶው ይነሣል። የቧንቧው ውስጥ ደምቆ ሲታይ ግድግዳው ዳር ዳሩን ይለያል፤ ስለዚህ ያልጠጠረው ለስላሳ ክምችትም ይታያል። የደረት ሕመም ላለበት ሰው የሚያስፈልገው ይህኛው ነው። ካልሲየም ስኮር ብቻውን 0 ቢሆንም፣ በተለይ ዕድሜው ገና ለጋ በሆነና ምልክት ባለው ሰው ላይ ካልሲየም ያልያዘ ክምችት አለመኖሩን አያረጋግጥም። ስለሆነም ወረቀታችሁ ላይ የተጻፈው የትኛው እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ።

ምስሉ ለምን እንዲህ ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ ጥቂት መመለስ ይጠቅማል። ከላይ የጠቀስኩት የድምቀት መለኪያ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው መሐንዲስ ከጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ነው፤ በመለኪያው ላይ ውኃ 0፣ አየር ደግሞ ከ0 በታች 1000 ነው። በእርሱ ማሽን የመጀመሪያዋ ታካሚ የታየችው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ለንደን ውስጥ ሲሆን፣ ሃውንስፊልድ ከአለን ኮርማክ ጋር የ1979ን የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ያኔ የታየው ጭንቅላት ነበር። ጭንቅላት ማሽኑ እስኪጨርስ ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ልብ ግን አይጠብቅም። የሚፈለጉት ቧንቧዎች ውስጣቸው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚሰፋ ብቻ ሆኖ፣ በእያንዳንዱ ምት ከቦታቸው ይሸሻሉ፣ ይጠመዘዛሉ። በአንድ ዙር 64 ሥስ ቁራጮችን የሚያነሡ ማሽኖች እ.ኤ.አ. ከ2004 ገደማ ጀምሮ እስኪስፋፉ ድረስ፣ ይህን ምርመራ በየሆስፒታሉ የዕለት ሥራ ማድረግ አስቸጋሪ ነበር።

አሁንም ቢሆን የማሽኑ ዋና ጠላት የልብ ፍጥነት ነው። አንድ ምስል ለመሥራት አብዛኛው ማሽን ቢያንስ ግማሽ ዙር መሽከርከር ይኖርበታል፤ ሙሉው ዙር ሩብ ሰከንድ ቢፈጅ እንኳ ግማሹ 125 ሚሊሰከንድ ነው። ሁለት የኤክስሬይ ቱቦ ያላቸው ማሽኖች ሩብ ዙር ስለሚበቃቸው ወደ 70 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወርዳሉ። ፎቶው በተቻለ መጠን የሚነሣው ልብ ተኮማትሮ ከጨረሰ በኋላ፣ ለሚቀጥለው ምት ከመነሣቱ በፊት ባለችው ጸጥ ያለች ጊዜ ውስጥ ነው። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ አንዱ ምት 1000 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ በደቂቃ 84 ሲመታ ግን ወደ 714 ይወርዳል፤ ከሁሉ ይልቅ የምታጥረው ደግሞ ያቺው የዕረፍት ጊዜ ናት። ለዚህ ነው ከምርመራው በፊት የልብን ምት የሚያዘገይ መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜም ሜቶፕሮሎል፣ የሚሰጠውና ምቱ ከ60 እስከ 65 ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን የሚፈለገው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ማዕከል ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሠራተኞቹም ትሑቶች ነበሩ። ቀጠሮ ሲሰጡኝ ግን ጾሜን እንድመጣ ብቻ ነገሩኝ፤ ስለ ቡና፣ ስለ ሻይና ሌላ ካፌይን ስላለበት መጠጥ አንዳች ቃል አልተናገሩም፤ ቢያንስ ለ12 ሰዓት መተው ሲገባኝ ጠዋት ሁለት ስኒ ጠጥቼ ሄድኩ። ከማሽኑ ላይ ስጋደም ምቴ 84 ነበር፤ ስክሪኑን ከአልጋው ላይ ሆኜ አየሁት። የምት ማዘግያ እንክብል አልተሰጠኝም። ቧንቧዎቹን ለማስፋት ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪንም አልተሰጠኝም። ከገባሁ በ15 ደቂቃ ውስጥ ወጣሁ፤ ያን ዕለት ይህን ፍጥነት እንደ ብቃት ቆጥሬው አመስግኜ ተሰናበትኩ።

«ጉልህ ጥበት አልታየም» የሚለውን ወረቀት ይዤ ስመለስ ሐኪሜ ሪፖርቱን አንብበው ወደ ጎን አስቀመጡትና ምስሉ ያለበትን ሲዲ ጠየቁኝ። ኮምፒውተራቸው ላይ ከፍተው ቀኙን የልብ ደም ቧንቧ አሳዩኝ። ከሥሩ ሲነሣ ጥርት ያለ ነጭ መስመር ነበር፤ መሀሉ ላይ ሲደርስ ግን አንዱ ቧንቧ ሁለት ሆኖ፣ እርጥብ ቀለም በጣት እንደተዳሰሰ ተደብስሶ ይታያል፤ ከታች እንደገና ይጠራል። «ይህን ያዩታል? ይህ ክፍል ጤነኛ ነው ማለት አልችልም፤ ታማሚ ነው ማለትም አልችልም። አልታየም» አሉኝ። ከሦስቱ ዋና ዋና ቧንቧዎች ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው ቀኙ ስለሆነ፣ ምት ሲፈጥን አስቀድሞ የሚደበዝዘው እርሱ መሆኑንም ጨመሩልኝ። በልቤ የቀረው ቅሬታ ምስሉ መደብዘዙ ብቻ አይደለም፤ ይህ በማንም ላይ ይደርሳል። ቅሬታዬ ሪፖርቱ ስለዚህ ጉዳይ ዝም ማለቱ ነው። ያልታየን ነገር «አልተገኘም» ብሎ መጻፍ ታካሚውን የሌለ ዋስትና ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል።

ሁለተኛው ማዕከል ከቀጠሮው ሁለት ቀን አስቀድሞ ደወለልኝ። ነርሷ የጠየቀችኝን ጥያቄዎች በሙሉ እዚህ ማስፈሬ ለሌላው ስለሚጠቅም ነው። ከዚህ ቀደም ኮንትራስት ወስጄ ሽፍታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ደርሶብኝ እንደሆነ፣ አስም እንዳለብኝ (የምት ማዘግያው መድኃኒት አስምን ሊያባብስ ስለሚችል ነው)፣ የኩላሊት ክሬአቲኒን ውጤቴ ስንት እንደሆነ፣ የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን እወስድ እንደሆነ፣ እንዲሁም ከሁለት ቀን ወዲህ ሲልዴናፊልን (ቪያግራን) የመሰለ ለወሲብ አቅም የሚወሰድ መድኃኒት ወስጄ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የመጨረሻው ጥያቄ ሰውን ሊያሳፍር ይችላል፤ ሆኖም ከናይትሮግሊሰሪን ጋር ሲገናኝ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ስለሚጥል፣ ሳይደብቁ መመለስ የግድ ነው። የባሕር ምግብ እንደማይስማማኝ ስነግራት ደግሞ ከዚህ ምርመራ ጋር እንደማይገናኝ፣ በባሕር ምግብ አለርጂና በኮንትራስት መካከል አለ የሚባለው ዝምድና የቆየ የተሳሳተ ወሬ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳችኝ።

በዕለቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሜ እንድደርስ ተደረገ። ምቴ 78 ነበር። ሜቶፕሮሎል ዋጥኩ፤ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ፤ በየ15 ደቂቃው ግፊቴና ምቴ ተለካ። 57 ሲደርስ ወደ ማሽኑ ክፍል አስገቡኝ። ደረቴ ላይ የኢሲጂ ሽቦዎች ተለጠፉ፤ በቀኝ ክርኔ እጥፋት ላይ ወፈር ያለ መርፌ ገባ፤ ኮንትራስቱ በሰከንድ 5 ሚሊሊትር ያህል ስለሚገፋ ቀጭኑ መርፌ አይችለውም። ባለሙያው ምን እንደሚሰማኝ አስቀድሞ ነገረኝ፤ ደግሞም ትንፋሽ መያዝን ሦስት ጊዜ አለማመደኝ። «በኃይል አይሳቡ፤ ዘወትር እንደሚተነፍሱት ያህል ብቻ ይሳቡና እዚያው ላይ ይያዙት» አለኝ። በኃይል የሳበ ሰው ራሱን እያስጨነቀ ምቱን ያዛባዋል።

ከምላሴ ሥር የተረጨው ናይትሮግሊሰሪን በደቂቃ ውስጥ ግንባሬን ከበድ አደረገው። ከዚያ «አይዞዎት፣ አሁን ሙቀቱ ይመጣል» የሚል ድምፅ በድምፅ ማጉያው ተሰማ፤ ወዲያውም ከጉሮሮዬ ጀምሮ በደረቴና በሆዴ በኩል እስከ ታች የሚወርድ ትኩሳት መጣ። አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም ተሰማኝ፤ ሽንቴ ያመለጠኝም መሰለኝ፤ አላመለጠኝም፤ ይህም አስቀድሞ ተነግሮኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ትንፋሼን ያዝኩ። ከራሴ በላይ ያለው ቀለበት ሲያጉረመርም ሰማሁ፤ አልጋው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ «ይተንፍሱ» ተባልኩ። የያዝኩት ወደ 8 ሰከንድ ነበር። ይኸው ነው። ለእነዚህ 8 ሰከንዶች የሁለት ቀንና የአንድ ሰዓት ዝግጅት ተደርጎላቸዋል፤ የዚህ አገልግሎት ጥራትም ያለው እዚያ ዝግጅት ውስጥ ነው። ካቴተር የሚደረግለት ሰው የገባበት ቦታ ደም እንዳይፈስ እየተጠበቀ ሰዓታት ሲተኛ፣ እኔ ለ30 ደቂቃ ተጠብቄ፣ ውኃ በብዛት እንድጠጣ ተመክሬ በእግሬ ወጣሁ።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ደረሰኝ። ቀኙ ቧንቧ በሙሉ ታይቷል፤ ንጹሕ ነው። ነገር ግን በልብ ፊት በኩል የሚወርደው የግራ ቧንቧ የላይኛው አንድ ሦስተኛ ክፍል ላይ፣ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚያጠብብ፣ አብዛኛው ያልጠጠረ ክምችት አለ። ሐኪሞች ፕላክ ይሉታል፤ እኔ ደለል ማለትን መርጫለሁ። ስኮሬ 46 ነው። በሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «ካድ-ራድስ 2፣ ፒ1» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ውጤትን በአንድ ቋንቋ ለመጻፍ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣና በ2022 የተሻሻለ መመዘኛ ነው። 0 ምንም የሌለበት ሲሆን፣ 2 ከ25 እስከ 49 በመቶ ጥበትን፣ 5 ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ቧንቧን ያመለክታል፤ ፒ የሚለው በ2022 የተጨመረው የደለሉን ብዛት እንዲናገር ነው። በበቂ ሁኔታ ያልታየ ክፍል ሲኖርም ኤን የሚል ምልክት አለው። የመጀመሪያው ማዕከል ይህቺን አንዲት ፊደል ጽፎ ቢሆን ኖሮ በሪፖርቱ ላይ ቅሬታ ባልኖረኝ ነበር።

አንድ ሰው እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ ከ30 እስከ 40 በመቶ ጉልህ ጥበት አይደለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሪፖርት ከነጉድለቱ ትክክል ነበር። በቃል ደረጃ እውነት ነው። የምርመራው ትልቁ ቁም ነገር ግን እዚሁ ላይ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ። ሕመሙ ጥበቱ አይደለም። ሕመሙ የሚጀምረው ከግድግዳው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሲይሞር ግላጎቭና ባልደረቦቹ ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ የልብ ቧንቧዎችን መርምረው፣ ደለሉ ከቧንቧው ስፋት 40 በመቶ ያህሉን እስኪይዝ ድረስ ቧንቧው ወደ ውጭ እየሰፋ የደሙን መንገድ ሳይጠብብ እንደሚያቆየው አሳዩ። ካቴተር የሚያሳየው ደም የሚያልፍበትን ክፍተት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሽታው ብዙ ከተጓዘ በኋላም መንገዱ ደህና ሊመስል ይችላል። ሲቲ ግን ግድግዳውን ከነውፍረቱ ያሳያል። በተለምዶ ሀርት አታክ የምንለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚነሣው፣ ሥስ ሽፋን ያለው በስብ የተሞላ ደለል ተሰንጥቆ ደም ሲረጋበት ነው፤ ያ ደለል ደግሞ ቀድሞ ቧንቧውን እጅግ ያላጠበበ ሊሆን ይችላል። በሲቲ ላይ ድምቀቱ ከ30 ሃውንስፊልድ በታች የሆነ ክምችት ሐኪምን የሚያሳስበው ለዚህ ነው። የእኔ ይህን ያህል ዝቅ ያለ እንዳልሆነ ሪፖርቱ ለይቶ ጽፎታል።

እንግዲህ «ጉልህ ጥበት የለም» ተብሎ የተሸኘ ሰው ኮሌስትሮሉን አይቀንስም፤ «ደለል አለብህ፣ ያለውም እዚህ ነው» የተባለ ሰው ግን መድኃኒቱን ይውጣል። ይህን ከራሴ ስሜት ብቻ ተነሥቼ አልናገርም። በስኮትላንድ 4,146 የደረት ሕመም ያላቸው ታካሚዎች የተሳተፉበት ስኮት-ሃርት የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 የአምስት ዓመት ውጤቱን ሲያወጣ፣ በልብ ደም ቧንቧ ሕመም የሞቱት ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም የደረሰባቸው ከተለመደው ክትትል ጋር ሲቲ ከተደረገላቸው ውስጥ 2.3 በመቶ፣ ካልተደረገላቸው ውስጥ ደግሞ 3.9 በመቶ ነበሩ። በአምስት ዓመቱ ውስጥ ካቴተር የተደረገላቸውና ቧንቧቸው በስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ በሚይዝ የሽቦ ቱቦ) ወይም በቀዶ ሕክምና የተስተካከለላቸው ሰዎች ቁጥር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሲሆን፣ ሲቲ ከተደረገላቸው ወገን ግን ብዙ ሰው የመከላከያ መድኃኒት ጀምሯል። ከዚህ የምረዳው፣ ያዳነው ማሽኑ ሳይሆን ከምስሉ በኋላ የተጻፈው ማዘዣ መሆኑን ነው።

በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውና 10,003 ሰዎችን ያካተተው ፕሮሚስ የተባለው የአሜሪካ ጥናት፣ በሲቲ የጀመሩትንና በትሬድሚልና በመሰሎቹ የጀመሩትን ሁለት ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ ሞት ወይም ሌላ ከባድ ችግር የደረሰባቸው በሲቲ ወገን 3.3 በመቶ፣ በሌላው ወገን 3.0 በመቶ ስለነበሩ የሚያመዝን ልዩነት አላገኘም። ይህን መዝለል ሐቀኝነት አይሆንም፤ ሲቲ በሁሉም ቦታ ከሁሉም ይሻላል የሚል ሰው ይህን ቁጥር ማስታወስ አለበት። ከካቴተር ጋር ሲወዳደር ግን ነገሩ ይበልጥ ይጠራል፦ በአውሮፓ 26 ማዕከላት 3,561 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዲስቻርጅ የተባለው ጥናት፣ ከሂደቱ ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳት በሲቲ ወገን 0.5 በመቶ፣ በካቴተር ወገን 1.9 በመቶ ሆኖ አግኝቷል፤ በከባድ የልብና የደም ሥር ችግሮች ግን ሁለቱ ወገኖች አልተራራቁም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ፣ አዲስ የደረት ሕመም ይዞት ከልብ ሊሆን ይችላል ተብሎ ለተጠረጠረ ሰው ሲቲን የመጀመሪያ ምርመራ ያደረገውም በከንቱ አይደለም።

ጉድለቶቹን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ፤ ቀላል ናቸው ማለቴ ግን አይደለም። በቧንቧ ውስጥ የተከማቸ ብዙ ካልሲየም በምስሉ ላይ ከእውነተኛው መጠኑ በላይ ገዝፎ ይታያል፤ ጥበቱም ከሆነው በላይ የከፋ መስሎ ይታያል። ከ3 ሚሊሜትር የጠበበ ስቴንት ውስጡ በደንብ አይታይም። ምታቸው ለተዛባ፣ ለምሳሌ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ላለባቸው፣ ውጤቱ አስተማማኝ ላይሆን ይችላል። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ከኮንትራስቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር በሚገባ መመካከር አለበት። ሲቲ መጥበቡን እንጂ ጥበቱ ለጡንቻው የሚደርሰውን ደም መቀነሱን በቀጥታ አይናገርም፤ መካከለኛ ጥበት ሲገኝ ሌላ ምርመራ ወይም ከዚያው ምስል ላይ የደሙን ግፊት በኮምፒውተር የሚያሰላ ዘዴ ያስፈልጋል። በምስሉ ዳር የሚታይ ትንሽ የሳምባ እብጠት ደግሞ ለሌላ ወራት የሚፈጅ ክትትል ሊጋብዝ ይችላል።

ስለ ጨረሩ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በዛሬ ማሽኖች ሲቲ አንጂዮግራፊ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ)፣ ካልሲየም ስኮር ወደ 1 ሚሊሲቨርት ያህል ይሰጣል፤ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው የዓለም አማካይ 2.4 ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በብዙ አገሮች በተሰበሰበ መረጃ ላይ መካከለኛው መጠን 12 ሚሊሲቨርት ነበር፤ ከ10 ዓመት በኋላ በተመሳሳይ መንገድ የተደረገ ጥናት መጠኑ 78 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ሆኖም በማዕከልና በማዕከል መካከል ያለው ልዩነት እስከ ዛሬ ሰፊ ነው፤ መጠኑን ዝቅ የሚያደርገው አንዱ ነገርም ያው የዘገየ ምት ነው፤ ምት ሲረጋጋ ማሽኑ በዚያች ጸጥ ባለች ቅጽበት ብቻ ጨረር ይለቃልና። እኔ በዝግጅት ጉድለት የተነሣ ጨረሩንም ኮንትራስቱንም ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ፤ ይህ ሊቀር ይችል የነበረ ዋጋ ነው።

ምርመራውን ለማን እመክራለሁ? እንደ እኔ ዓይነት የደረት ስሜት ላለው፣ የልብ ደም ቧንቧ ሕመም እንዳለው ገና ላልተረጋገጠና ጥርጣሬው መካከለኛ ለሆነ ሰው ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ በጥሩ ምስል ላይ ምንም ካልተገኘ ሕመሙ የመኖሩ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። ምንም ስሜት የሌለውና አደጋውም ዝቅተኛ የሆነ ወጣት ለማወቅ ያህል ብቻ ሲቲ አንጂዮግራፊ እንዲነሣ አልመክርም። አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ደረቱ ተጨንቆ አልለቅ ያለው፣ ላብ ያጠመቀው፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚዘልቅበት ሰው ግን ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ማዕከል ስትመርጡ የማሽኑን አዲስነት ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከምርመራው በፊት ምት ይለካል ወይ፣ ከፍ ብሎ ከተገኘስ ምን ይደረጋል፤ ሪፖርቱስ በካድ-ራድስ ይጻፋል ወይ። ምስሉን ራሱን በሲዲ ወይም በሌላ መንገድ ተቀበሉ፤ የእኔን ሪፖርት ስሕተት ያወጣው ወረቀቱ ሳይሆን ሲዲው ነው።

ከሁለተኛው ውጤት በኋላ ስታቲን የተባለውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት ጀመርኩ፤ ክፉው ኮሌስትሮሌ ከ142 ወደ 68 ወርዷል። የተገኘው ጥበት የደረቴን ስሜት ለማብራራት ስለማይበቃ፣ የቀጭን ደም ሥሮች ችግር ይሁን ሌላ ለመለየት ክትትሌ ቀጥሏል። ደለሉ መቀነሱን ለማየት በዓመቱ እንደገና እንድነሣ ብጠይቅ ሐኪሜ አልፈቀዱም፤ ስታቲን ለስላሳውን ደለል ሲያጠጥረው ካልሲየም ስኮር ከፍ ሊል ስለሚችል፣ ቁጥሩ ሲጨምር አይቼ ከንቱ እንዳልሸበር ነገሩኝ። ለመጀመሪያው ማዕከል ምስሉን አያይዤ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ የተሻሻለ ሪፖርት ላኩልኝ፤ ከአሮጌው መስመር ሥር አዲስ ዓረፍተ ነገር ተጨምሮበታል፦ «የቀኙ የልብ ደም ቧንቧ መካከለኛ ክፍል በእንቅስቃሴ ምክንያት ሊመዘን አልቻለም።»